እኛ ብሎክ የታመመ የለም

ለተመራማሪ የሚዋሽ ሰው ኃጢአተኛ አይደለም፤ ጨዋ ነው! ልድገመው? ጨዋ ነው! ለፖሊስ የሚዋሽ ፈርቶ ነው። ለሚስቱ የሚዋሽ ለምዶበት ነው። ለተመራማሪ የሚዋሽ ግን አሳዳጊ ስላልበደለው ነው። ይኼን የምላችሁ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ማክዳ ነኝ፤ ማስረጃዬም በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ቀኝ እግሬን ማለቴ ነው… ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እኛ ቤት አራት ሰው ነው ያለው። ሦስቱ ተመራማሪዎች ናቸው። አራተኛዋ እኔ ደግሞ… የሚመረመረው ሕዝብ ነኝ። እናንተ ቤት እራት ላይ ስለ ቲማቲም ዋጋ ይወራ ይሆናል። እኛ ቤት «ሽሮው ጨው በዛበት» ብትሉ ሦስት ሰው ብዕር ያነሣል።

እህቴ ትርሲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን በኅብረተሰብ ጤና እየጨረሰች ነው። ጥናቷ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በወጉ ይወስዳሉ ወይ፣ ጨው ቀንሰዋል ወይ፣ ደረጃውስ እንዴት አድርጓቸዋል የሚል ነው። እማዬ አስተማሪ ናት፤ እሷም በክረምት ክረምት ትማራለች፤ ጥያቄዋ ልጆች ቤታቸው ሲገቡ መጽሐፍ ያነባሉ ወይስ አያነቡም ነው። አባዬ… አባዬማ ሰላማዊ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሚስቱና ልጁ ሲመራመሩ እሱ ኳስ ሲያይ መገኘቱ ክብሩን ነካው መሰለኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ታሪክ መማር ጀመረ። የጥናቱ ርዕስ «ጀሞ ከኮንዶሚኒየም በፊት» ነው። በየመሐሉ ተነሥቶ መስኮቱን ይከፍትና «እዚህ ጋ እኮ ምን ነበር!» ይላል። ምን እንደነበረ ግን አያውቅም። ለዚህ ነው የሚያጠናው።

ታዲያ ሦስቱም የሚጠይቁት ማንን ይመስላችኋል? የኛን ብሎክ ነዋ! አንድ ደረጃ፣ አንድ ኮሪደር፣ ያው ሰዎች። መጀመሪያ አካባቢ ጎረቤቶቻችን «ግቡ ግቡ» እያሉ ሞቅ አድርገው ተቀበሉን። እየቆየ ሲሄድ የኛ ቤት ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሲሰማ ቴሌቪዥኖች ድምፃቸውን መቀነስ ጀመሩ። አንዷ ጎረቤታችን እማዬን በበሩ ቀዳዳ አየቻትና መብራት አጠፋች… በጠራራ ፀሐይ!

እኔም አዝኜላቸው (ለጎረቤቶቹ ነው፣ ለቤተሰቤ አይደለም) አንድ የአራዳ ሐሳብ አመጣሁ።

«ለምን ሦስታችሁም በየተራ ሰው ታንኳኳላችሁ? ጥያቄዎቹን ስጡኝና ሁሉንም አንድ ላይ ጠይቄ ልገላግላቸው! ሚኒባስ ሲሄድ የለቡንም የጀሞንም ሰው አንድ ላይ ጭኖ አይደል?»

«ጭኖማ ነው» አለ አባዬ፣ «ግን ማንም ተመችቶት አይወርድም።»

ቢሆንም ተስማሙ። ትርሲ አብራኝ ልትወጣ ሆነ፤ ምክንያቱም የሷ ነገር ቀልድ አልነበረም። አማካሪዋ ዶክተር ቁርጡን ነግሯታል። እስከ እሁድ ማታ ድረስ «ግፊት አለብኝ» ብለው የሚመልሱ በቂ ሰዎች ካላገኘች፣ መመረቅ የምትባለው ነገር ለሚቀጥለው ዓመት ትተላለፋለች። እማዬ የምርቃቱን ቀሚስ አሰፍታ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላዋለች። አክስቶቻችን ከየክፍለ ሀገሩ ለመምጣት ተቀጣጥረዋል። እና ትርሲ ሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ቀን እየተማረች ሁለት ዓመት የገፋችበት ነገር ነው፤ በመሐል ቅንድቧ ራሱ ቀጥኗል።

«አይዞሽ» አልኳት ቅዳሜ ጠዋት፣ «በዚህ ደረጃ ግፊት የሌለበት ሰው ከተገኘ እሱ ነው የሚጠናው!»

ከላይ ጀመርን። አራተኛ ፎቅ እትዬ አስካለ አሉ። እትዬ አስካለ ቴሌቪዥናቸውን በዳንቴል ያለበሱ፣ ዳንቴሉን በሌላ ዳንቴል ያለበሱ ሴት ናቸው። ልክ ስንገባ እጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ አንድ ነገር ዳንቴሉ ሥር ሸጎጥ አደረገ። የክኒን ማሸጊያ እንደሆነ ከድምፁ አወቅኩት፤ ቅርጭጭ ይላላ!

«እትዬ አስካለ፣ ደም ግፊት አለብዎት?» አልኩ ወረቀቴን ይዤ።

«ተመስገን ነው!»

«ተመስገን ማለት አለብኝ ነው ወይስ የለብኝም?»

«ተመስገን ማለት ተመስገን ነው፤ አንቺ ልጅ አማርኛ አያስተምሯችሁም እንዴ?»

ትርሲ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ በትሕትና «እትዬ… በየወሩ እኮ ጤና ጣቢያ እንገናኛለን» አለቻቸው።

«እሱ እዚያ ነው! እዚያ አንቺ ሐኪም ነሽ፣ እኔ በሽተኛ። እዚህ ደግሞ እንግዳዬ ነሽ። ለእንግዳ በሽታ ይቀርባል እንዴ? አረፍ በሉ፣ ቆሎ ላምጣላችሁ።»

«ጨውስ ቀንሰዋል?»

«ጨው? ከቤቴም የለ!»

እውነታቸውን ነው። ከቤታቸው የሌለው ጨው በሙሉ ቆሎው ላይ ነበር። ትርሲ አንድ ፍሬ ቀምሳ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከጨው ይሁን ከሐዘን አላውቅም።

የአባዬን ጥያቄ ስጠይቃቸው ደግሞ ቸርነታቸው ወሰን አጣ። ከኮንዶሚኒየሙ በፊት እዚህ ቦታ ላይ አንድ ንጉሥ አርፈው በቅሏቸውን ውሃ አጠጥተዋል አሉኝ።

«የትኛው ንጉሥ?»

«አባትሽ ደስ ያለውን ይጻፍ። እኔ ለጎረቤት ንጉሥ አልነፍግም!»

ሦስተኛ ፎቅ ወረድን። የአቢጊያ እናት በር ላይ ቆማ ነው የተቀበለችን። ከሆሳዕና ነው የመጣችው፤ ሰንበት በመጣ ቁጥር ድምጿ መዝሙር ላይ ብሎኩን ያነቃንቀዋል።

«ደም ግፊት አለብሽ?» ከማለቴ፦

«አልቀበልም!» አለች እጇን እንደ ትራፊክ ወደፊት ዘርግታ።

«ኧረ እየሰጠሁሽ አይደለም፣ እየጠየቅኩሽ ነው!»

«መጠየቁንም አልቀበልም! በኢየሱስ ስም ጤነኛ ነኝ!»

«ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ትርሲ።

«ለምን ብዬ?»

ይኼንን ተውነውና ወደ እማዬ ጥያቄ ዞርን። የአቢጊያ ታናሽ ወንድም ናቲ ያነባል ወይ? «ከጠዋት እስከ ማታ! አንብብ አይባልም፣ በቃህ ነው የሚባለው!» ከመኝታ ቤት የጌም ጥይት ይንጣጣል። ናቲን ጠርቼ በቅርቡ ምን እንዳነበበ ስጠይቀው ሳያቅማማ በቃሉ ተወጣው፦ «ሹፌሩን አትቆጡት፤ ቤቱም ይቆጡታል።» ታክሲ ውስጥ የተለጠፈውን ነው! ልጁ አልዋሸም፤ በዚያ ቀን ያልዋሸ ብቸኛ ሰው እሱ ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ ጋሽ ዳምጠው። የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡና የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆኑ ሰው ናቸው። እሳቸው እንኳ ለራሳቸው ብቻ አልመለሱም፤ ለሁላችንም መለሱ።

«ጻፊ! በዚህ ብሎክ የታመመ የለም። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ መብራት የሚመጣው ሲያሰኘው። መቼ ጊዜ አግኝተን እንታመማለን?»

በየቤቱ እንዲህ ሆነ። ቤታችን ገብተን ወረቀቶቹን ዘረጋናቸው። በመጠይቁ መሠረት የኛ ብሎክ ማለት ማንም የማይታመምበት፣ ጨው የማይታወቅበት፣ ሕፃናት መጽሐፍ ካልሰጣችሁን ብለው የሚያለቅሱበት፣ ንጉሥ ሳያልፍ፣ በቅሎ ሳይጠጣ የማይውልበት ሥፍራ ነው። መንግሥተ ሰማያት እንኳ ይኼን ያህል አልተጻፈላትም!

ትርሲ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ… ክኒን በእጇ የምትሰጣቸው ሰዎች ናቸው እኮ ፊት ለፊቷ ቆመው «እኛ?» ያሏት! ከጤና ጣቢያ ካርዳቸው ላይ ገልብጣ እንዳትጽፍ ክልክል ነው፤ የሰው ገበና ነው። ራሳቸው ፈቅደው መናገር አለባቸው።

«ጎረቤቶቼ ሁሉ ጤነኛ ሆነው እኔ ልታመም ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እናንተዬ፣ ትርሲ አታለቅስም! ሲወልዱ አይታ፣ ሲሞቱ አይታ ያላለቀሰች ልጅ ናት።

እኔ ይኼን አይቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳልናገር ወረቀቶቹን ሰብስቤ ብቻዬን ወጣሁ። «እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ይታመሙልን» ልላቸው ነበር። በራቸው ላይ ስደርስ ግን ወኔዬ ከዳኝ። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ተመልሼ መውረድ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ደረጃ የሚታጠብበት ሰዓት ነው፤ ተራው የአቢጊያ እናት ነበር። የአቢጊያ እናት ደረጃ ስታጥብ እንደምታመልከው ነው… በሙሉ ልቧ! ፈሳሽ ሳሙናውን አልቆጠበችም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የረገጥኩትን አውቃለሁ፤ ቀጥሎ ያወቅኩት ሁለተኛው ፎቅ መሆኔን ነው። መሐል ላይ የነበረውን ጎረቤቶቼ ይንገሯችሁ። በዚያ ፍጥነት ሁለተኛ ፎቅ የደረሰ ሰው በብሎካችን ታሪክ የለም፤ አባዬ ይመዝግበው።

«በኢየሱስ ስም!» አለች የአቢጊያ እናት ባልዲዋን ጥላ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ አስካለ ከላይ።

ጋሽ ዳምጠው በራቸውን ከፍተው ስመጣ አዩኝና በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦ «ፍሬን ያዢ!»

ምን ዓይነት ፍሬን ልያዝ! እግሬ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ትርሲ እየሮጠች መጥታ ነካካችውና ወለምታ መሆኑን ነገረችን። «ወጌሻ እንጥራ» የሚል ድምፅ ከየፎቁ ሲመጣ «ማንም ወጌሻ እንዳይጠራብኝ!» ብላ አምባረቀች። በፋሻ ጠቅልላ ሳሎን ፍራሽ ላይ አጋደመችኝ።

አንዳንዴ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ድግሱ በማግሥቱ መጣ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያንም ከቸርችም መልስ ብሎኩ በሙሉ እኛ ቤት ተገኘ። ብርቱካን የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ። ታማሚ ልትጠይቁ ሄዳችሁ ታውቁ የለ? ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ «እግዜር ይማርሽ»። ቀጥሎ «እንዴት ወደቅሽ?» ትንሽ ከንፈር መምጠጥ። ከዚያ በኋላ ታማሚዋ ትረሳለች! ማንም ሰው ባዶ እጁን እንደማይመጣ ሁሉ፣ ባዶ ሰውነቱንም አይመጣም፤ የራሱን ሕመም ይዞ ነው የሚመጣው።

የጀመሩት እትዬ አስካለ ናቸው። እግሬን ገለጥ አድርገው አዩና ናቅ አደረጉት።

«ይቺ ምን አላት! ልጅ ናት፣ ትድናለች። እኔ ነኝ እንጂ በዚህ ግፊቴ አራት ፎቅ ስወጣ ልቤ በጆሮዬ የሚመታ!»

ጆሮዬ ቆመ።

«ያንቺስ ግፊት ብቻውን ነው» አሉ ከአንደኛ ፎቅ የመጡት ሴትዮ፣ «የኔ ስኳር ጨምሮበት የለ!»

«ክኒኑ ራሱ ያዞራል» አለ ሌላው። «እኔማ እሁድ እሁድ አልውጠውም፤ እሱም ይረፍ ብዬ።»

«እኔ ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው።»

«ጨው አትብሉ ይሉናል፣ ታዲያ ምን ቀረን?»

ልብ በሉ! ትናንት ጤነኛ የነበረ ብሎክ በአንድ ብርቱካን ልጣጭ ጊዜ ውስጥ ሆስፒታል ሆነ! ትርሲ ከማዕድ ቤት ወጣች። እጇ ላይ የሽንኩርት ቢላ ነበር፤ በሌላኛው ደግሞ ብዕር።

«ይኼንን… ልጽፈው?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንደኛው ሰውዬ ሙዝ መላጥ ጀመረ፤ ማንም ሳይጋብዘው። አለቀልን አልኩ በሆዴ፤ ሊክዱን ነው።

ትርሲ ቢላዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «እስከ ዛሬ ማታ ግፊት ያለባቸው ሰዎች ካላገኘሁ አልመረቅም» አለች። «ጤነኛ ሰውማ ምን ያደርግልኛል? እኔ እኮ የማጠናው የታመሙትን ነው።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«በማርያም! ታዲያ ምነው አትናገሪም? እኛ እኮ ልጃችን ስትመረቅ ጥሩ ጥሩውን እናስጽፍላት ብለን ነው! የብሎኩ ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው ብለሽ ብትጽፊ አስተማሪሽ ዜሮ የሚሰጥሽ መስሎን!»

ይኸውላችሁ! የዋሹት ለሷው ነበር። ውጤቷን ከፍ ለማድረግ ሲሉ ብሎኩ በሙሉ ተባብሮ ዳነ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ይቸግራል። «እኔን ቀድመሽ ጻፊኝ!» «ኧረ ተራ ያዙ!» እማዬ ወንበር ደረደረች። ትርሲ የግፊት መለኪያዋን አምጥታ በየተራ ክንድ ማሰር ጀመረች። እትዬ አስካለ «ተመስገን» የምትል ቃል ሳትወጣቸው ከቁርስ እስከ እራት ያለውን ጨው ዘረገፉት። ቆሎውን ጨምሮ!

ችግር የተፈጠረው ጋሽ ዳምጠው ጋ ነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው በኩራት ተቀመጡ። ትርሲ ለካችና ፈገግ አለች።

«ጋሽ ዳምጠው፣ እንደ ወጣት ነዎት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ግፊት የለብዎትም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ማሽኑ ነው! እንደገና ለኪኝ፣ ጠበቅ አድርገሽ!»

ጠበቅ አድርጋ ለካች። ምንም የለም። ጋሽ ዳምጠው ተነሥተው ወጡ። ተቀይመው የሄዱ መስሎን ነበር፤ ለካ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሮጠው ወጥተው፣ ሮጠው ወርደው እያለከለኩ ተመለሱ። «አሁን! አሁን ለኪኝ!»

«ይኼ ድካም እንጂ በሽታ አይደለም፤ አረፍ ይበሉ።»

«ስለዚህ እኔ ጥናቱ ውስጥ የለሁበትም? የብሎኩ ሊቀመንበር ሆኜ?!»

አባዬ አዝኖላቸው «ጋሽ ዳምጠው፣ ለኔ ታሪክ ይንገሩኝ» አላቸው። እሳቸውም ተጽናንተው ያቺን የንጉሥ በቅሎ ሊያመጧት ሲሉ እትዬ አስካለ አቋረጧቸው።

«እስቲ አሁን እንኳ እውነቱን እንናገር፣ ልጅ ታማ ተኝታ! ምን ንጉሥ አለ? ቁልፍ ስንረከብ የነበረው ጭቃና ጅብ ነው። ደግሞ አንተን ደረጃ ላይ ያሳደረህ ጅብ ሲነጋ ውሻ ሆኖ አልተገኘም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዳምጠው ራሳቸው ሳቁ። «ትልቅ ውሻ ነበር» አሉ።

ከዚያ እትዬ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወተት የምንገዛቸውን ሽማግሌ ታስታውሳላችሁ? አባ ገመቹን? ይኼ ብሎክ የቆመበት የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር እኮ። ላማቸውን እየነዱ እስከ ደረጃው ድረስ ይመጡ ነበር። ላሟ ደግሞ መሐል ቆማ ዙሪያዋን ታያለች… ሣሩ የት ገባ ብላ።»

«አሁን የት ይሆኑ?» አለ አባዬ።

ማንም አላወቀም። አባዬ ያን ቀን ንጉሡን ሰርዞ ላሟን ጻፈ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ እየሳቅኩ የማልነግራችሁ። ሁሉም ሲለካ የአቢጊያ እናት በር አጠገብ ቆማ ነበር። «እኔ ምንም የለብኝም፣ ለመሳቂያ ያህል» ብላ ክንዷን ሰጠች። ትርሲ ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። እኔ ፍራሹ በሩ ሥር ስለሆነ ሰማሁ።

«ከሁሉም የበለጠው ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ መምጣት አለብሽ። ቀልድ አይደለም።»

«አልቀበልም» አለች። ግን እንደ ትናንቱ አልጮኸችም፤ እጇም አልተዘረጋም።

«ናቲንስ ማን ያሳድገው?»

የተለካውን ክንዷን አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «…ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ናቲን ትምህርት ቤት አድርሼ እመጣለሁ። ጸሎቴን ግን አላቆምም።»

«አታቁሚ። ክኒኑንም እንዳታቆሚ እንጂ።»

ሄዳለች። እስከ ዛሬም አላቋረጠችም፤ ለሚጠይቃት ሁሉ ራሷ ነው የምትናገረው። ናቲ ደግሞ የክኒኑን ወረቀት ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አዝዛዋለች፤ እማዬም ቶሎ ብላ «ቤቱ ያነባል» ብላ መዘገበችው።

ትርሲ ሥራዋን በዚያው ማታ ላከች። በሳምንቱ ዶክተሯ ደወለ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው አራታችንም ተሰብስበን ሰማን። ትመረቃለች! እማዬ እልል አለች፤ አባዬ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቀሚሱን ያለ ምክንያት አየው።

«እንደዚህ ግልጽ መልስ የሰጠ ነዋሪ አይቼ አላውቅም» አለ ዶክተሩ። «ምን ዘዴ ተጠቀምሽ?»

«አንድ… የቤተሰብ አባል አግዛኛለች» አለች ትርሲ።

«ግሩም ነው። መጽሔት ላይ እንዲወጣ ከፈለግሽ ግን ለማነጻጸር ሌላ ሰፈር ጨምሪበት። ለምሳሌ ጎፋ።»

ስልኩ ተዘጋ። ትርሲ ግራ እግሬን ታየው ጀመር… ደህናውን! እማዬም ዞረች። «እኔም ጥቂት ልጆች ይጎድሉኛል» አለች። አባዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጎፋም ታሪክ እንዳለው አስታወሰን።

እናንተ ጎፋ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ሰሞኑን አንዲት ልጅ ደረጃችሁ ላይ ወድቃ ብታገኟት ወጌሻ አትጥሩባት። በሽታችሁን ይዛችሁ ኑላት!